ከበረቱ የበረደ ቤት

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

በረቱስ ይሞቃል ልጆቼ፤ የበረደውስ ቤቱ ነው። ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ቆርቆሮ ገና ለአገሩ ሙሽራ በነበረበት ጊዜ፣ ውርጭ አምባ በምትባል ደጋ ሞገሴ የሚባል ሰው ነበረ። የውርጭ አምባ ብርድ ለብቻው ነው። ውሻ ሲጮኽ ጥርሱ ስለሚንቀጫቀጭ አንዱ ጩኸት ሦስት ሆኖ ይሰማል። ቁንጫ ከሰው ገላ የምትወርደው በፋሲካ ብቻ ነው፤ እሱንም ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም።

ሞገሴም የአባቱን ጎጆ ናቀ። «ጎንበስ ብዬ የምገባበት ቤት፣ ቤት አይደለም» አለና አፈረሰው። የላሞቹን በረት ግን አልነካም። ለላም ቤት ማን ይጨነቃል! ከዚያም መንገድ ዳር ረጅም ቤት አቆመ። ግድግዳውን በችኮላ ስስ አድርጎ መረገው። ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰው። በሩንም ወደ መንገዱ አዞረው፤ ገበያ የሚሄድ ሁሉ እንዲያይለት ነው። ንፋሱም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነበረ። ንፋስ ደግሞ እንደ ገበያተኛ አይደለም፤ አይቶ አያልፍም፤ ይገባል።

ቀን ፀሐይ ሲበረታ ቆርቆሮው ይግልና እቤት ውስጥ ሽምብራ ያለ ምጣድ ይቆላል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ይቀዘቅዝና የእንስራው ውኃ በመጥረቢያ ይፈለጣል። ሞገሴ እሳት አነደደ። ሙቀቱ ወደ ላይ ወጣና በቆርቆሮው በኩል ተሰናብቶ ሄደ። ሞገሴ የኩበቱን ክምር ጨረሰ። አጥሩን ነቅሎ ማገደ። ከዚያም ሞፈሩን ማገደ። በመጨረሻው እሳቱን ራሱን በረደውና ከምድጃው ተነሥቶ ሞገሴ ጉያ ሊገባ ምንም አልቀረው።

ጎረቤቱ አያ ጉግሣም በደጁ ሲያልፍ፦ «አንተ ሞገሴ፣ ሰማዩን ለማሞቅ ተቀጥረሃል እንዴ?» ይለው ነበር።

ሞገሴም፦ «የሣር ቤት ያለው ሁሉ ይቀናል!» ይላል። እንዲህ ሲል ግን ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ግማሹን ቃል ይበላበታል።

ሚስቱ የትምወርቅ ፀነሰች። እንደ አገሩ ወግ የበኩር ልጇን ልትወልድ እናቷ ዘንድ፣ እመት ወለላ ቤት ሄደች። ሴት ልጅም ተገላገለች። ሞገሴ ቅቤና ማር ተሸክሞ ሄደ። ሕፃኗን አሳዩት። እሷም በዚያች በጭብጥ እጇ የአባቷን ጣት ያዘች፤ አልለቅም አለች። ከዚያን ቀን ወዲያ ሞገሴ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው።

አራሷ በረታ ስትል ሞገሴ አማቱን፦ «እማማ፣ እንግዲህ ሚስቴንና ልጄን ልውሰድ» አለ።

እመት ወለላም፦ «ወዴት?» አሉ።

«ወደ ቤቴ ነዋ!»

«የቱ ቤት? ያ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ወንፊት?»

እመት ወለላ አፋቸው ምላጭ ነው። ሲመርቁ እንኳ ሰው ይቆስላል። ቀጠሉና፦ «ስማኝ ልጄ። እኔ የሰው ወሬ አልሰማም፤ ሊጥ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም። የዳቦ ሊጥ ይዤ እመጣና ማታ ቤትህ አስቀምጠዋለሁ። ሲነጋ ኩፍ ካለ ቤትህ ቤት ነው፤ ሚስትህን ከነልጅህ ውሰድ። እንደ ተኛ ካደረ ግን ክርስትናዋም እዚሁ፣ እድገቷም እዚሁ። አንተ በዓመት በዓል እየመጣህ ትስማታለህ» አሉት።

እንዳሉትም መጡ። ሊጡን በገበቴ አድርገው፣ በጨርቅ ሸፍነው ከምሰሶው ሥር አኖሩት። እሳቸው ግን፦ «እኔ ልሞት አልመጣሁም» ብለው አያ ጉግሣ ቤት አደሩ።

ሞገሴ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ቢያይ ሊጡ ኩርምት ብሏል። ጋቢውን ደረበለት። ሊጡ ንቅንቅ አላለም። እፍ እፍ አለበት። ወይ ፍንክች! ያች ጣቱን የያዘች እጅ ትዝ አለችው። ከዚያም አንድ ክፉ ብልሃት መጣለት። ገበቴውን አነሣና በረት ገባ። ከሁለት ላሞች መካከል አስቀመጠው። ጎሕ ሲቀድ ቢያይ ሊጡ ኩፍ ብሎ ጨርቁን እንደ ቄስ ጥምጥም ለብሶታል። ሞገሴም ሮጦ ከምሰሶው ሥር መለሰው።

እመት ወለላ መጡ። ጨርቁን ገለጡ። አዩ። አሸተቱ። ከዚያም ከሊጡ ላይ አንዲት ቀይ ጠጉር በሁለት ጣታቸው አነሡ።

«ሊጡ የት አደረ?»

«እዚሁ ነዋ እማማ።»

«ይቺ ጠጉርስ የማን ናት? የምሰሶህ?»

አያ ጉግሣም ከደጅ ሆኖ፦ «ምሰሶው ጥጃ ሊወልድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ!» አለ።

ሞገሴ መሬት መሬቱን አየ። እመት ወለላ ቢቆጡ ይሻለው ነበር፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። «መልካም። ሊጡ ፈርዷል። በረትህ ቤት ሆኗል፤ ቤትህ በረት እንኳ አልሆነም። ልጄን ካሻህ እበረቱ አስተኛትና ላሞቹን እዚህ አምጣቸው። አንገባም ካሉህ ግን አልፈርድባቸውም። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነው። እሱ ሳይደርስ ሌላ ሊጥ ይዤ እመለሳለሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሞገሴም ከኀፍረቱ የሚደበቅበት ፈለገ። ሙቅ መደበቂያ ያለው በረቱ ብቻ ነው። እዚያ ተቀመጠና በረቱን ገና ያን ዕለት አየው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተደራረበ ነው። ክንዱን በአይጥ ቀዳዳ ቢሰድ እስከ ብብቱ ገባ፤ ውጭውን ግን አላገኘውም። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ክዳኑ ጥቅጥቅ ያለ የጓሳ ሣር ነው። በሩ ለንፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ የጠዋት ፀሐይን ያያል።

ሞገሴም ወጥቶ ጎረቤቱን፦ «አያ ጉግሣ፣ አባቴ ለላሞች ይህን ያህል ምን አደከመው?» ብሎ ጠየቀ።

«አንተ ሲበርድህ ትጮኻለህ። ላም ሲበርዳት ወተቷን ነው የምትይዝ። አባትህ ወተት ይወድ ነበር።»

«ታዲያ ቤቴን አፍርሼ እንደገና ልሥራ?»

«ለምን ብለህ! የበረደው ሰው ይደርባል እንጂ ቆዳውን ይገፋል?»

ሞገሴም ቤቱን ልብስ ሊያለብስ ተነሣ። አፈር ቆፈረ፤ ውኃ ቸለሰበት፤ በዚያው ዕለት መረገው። ጭቃው ሲደርቅ ተሰነጣጠቀና ዷ ብሎ ወረደ። ላሞቹ ደንግጠው ቆላ ደርሰው ተመለሱ።

አያ ጉግሣም፦ «ጭዱ የታለ? ደግሞስ ሳያድር ዳቦ የሆነ ሊጥ የት አየህ?» አለው።

ሞገሴ ሁለተኛ ጀመረ። ጭቃውን በጭድ ለወሰው፣ በበሬ አስረገጠው፣ ከዚያም ተወው። ጭቃው ሰነበተ። ሽታው ሲበረታ ጅቦቹ «ይህስ ለእኛም በዛ» ብለው አገር ለቀቁ። ያን ጊዜ አያ ጉግሣ አሸተተና፦ «አሁን ደረሰ!» አለ። ደቦ ተጠራ። አገሩ ሁሉ መጣ፤ ግድግዳውን በውስጥም በውጭም ወፍራም አድርጎ መረገው። ቆርቆሮውንም አልነቀሉት። ከሥሩ ሸንበቆ ረበረቡና በላዩ የጓሳ ሣር ጠቀጠቁበት። ቆርቆሮው ዝናቡን ይመልስ፣ ሣሩ ሙቀቱን ይያዝ ተባለ።

የቀረው በሩ ነበረ። አያ ጉግሣም፦ «ይህን ድፈነውና በፀሐይ መውጫ በኩል ክፈት» አለ።

ሞገሴ ቆመ። «እንግዲያ መንገደኛ ምን ሊያይልኝ ነው?»

«ከፈለግህ አንተ ውጣና ቁምለት።»

ደቦው ሳቀ። ሞገሴ አልሳቀም። በሩን አየ። መንገዱን አየ። ከዚያም ጣቱን አየ። ማንም ሳያግዘው በሩን ነቀለና በጀርባው ተሸክሞ ዞረ። በጠዋት ፀሐይ በኩል ተከለው።

እመት ወለላ ተመለሱ፤ ሊጣቸውን ይዘው። በዚህ ጊዜ ግን ነቅተዋል። የበረቱን በር በመቀነታቸው ጠፈሩት፤ እሳቸውም እሊጡ አጠገብ ጋደም አሉ። ሞገሴ ምድጃው ላይ አንድ ጭብጥ ጭራሮ ብቻ አነደደ። ከዚያ ወጥቶ ደጅ ተቀመጠ፤ «ነካው» እንዳይሉት።

ነጋ። እመት ወለላ አልወጡም። ፀሐይ ወጣች። አልወጡም። ረፈደ። ሞገሴ ደነገጠ። አያ ጉግሣን ጠራና ገቡ።

ልጆቼ፣ ሊጡ ገበቴውን ሞልቶ ፈስሷል። ከምሰሶው ሥር ተነሥቶ መደቡ ላይ ወጥቷል። እመት ወለላን ከእግር ጥፍራቸው እስከ አገጫቸው አልብሷቸዋል። እሳቸው ቡሉኮ መስሏቸው ያንኮራፋሉ።

ሞገሴም፦ «እማማ! እማማ! ነግቷል!» አለ።

እመት ወለላም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሊጡን ወደ አንገታቸው ሳቡና፦ «ተወኝ ልጄ፣ ትንሽ ልሙቅበት» አሉ።

ሞገሴ ሌላ ፍርድ አልጠበቀም። ሚስቱን ሊያመጣ ሲበር ጫማውን ረሳ፤ ጫማውም ተከትሎት ሄደ። ልጅቱም በአባቷ ቤት ክርስትና ተነሣች። ዳቦው ከዚያው ሊጥ ተጋገረ። አገሩ በልቶ አልጨረሰውም፤ ላሞቹም ድርሻቸው ደረሳቸው፤ ባለውለታ ናቸውና። የልጅቱ አባትም ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ አልሠራም። ጣቱ ተይዛበት ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ቁረሱ፤ ለአፌም ትልቁን ጉርሻ አድርሱ። ስትወጡ ደግሞ በሩን ግጥም አድርጉልኝ፤ ሙቀቱ እናንተን ሊሸኝ እንዳይወጣ።