ሳል መንገድ የዘጋባት የእማማ ዘርፌ እልልታ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላምም የለኝ፣ በረትም የለኝ። የዛሬው ተረቴ ስለ አንዲት እልልታ ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፤ ሳል የያዘው ደግሞ ከሁሉም በላይ ይስማ።

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ እማማ ዘርፌ የሚባሉ ሴት ነበሩ። የእማማ ዘርፌን እልልታ የሰማ ሰው የሌላ ሰው እልልታ አይጥመውም። ከደጃቸው ተነሥታ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ትሰማለች። ልጅ ሲወለድ፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ ሙሽራ ስትወጣ፣ «ዘርፌን ጥሩ!» ነው። የልጅ ልጃቸው ማስተዋል የተወለደች ቀን ደግሞ ጉድ ሠርተዋል። በአገሩ ወግ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው እልልታው። እሳቸው ሰባቱንም ለቀቁት። ጎረቤት ወንድ ተወለደ ብሎ ሲሮጥ መጥቶ ሴት አገኘ። «ምነው ዘርፌ፣ ቁጥር ጠፋሽ እንዴ?» ቢሏቸው፣ «ለሴት ተብላ የምታንስ እልልታ የለችኝም» አሉ፤ አበቃ።

የማስተዋል እናት ገና በጠዋቱ አለፈች፣ ነፍስ ይማር። እናትም አያትም ሆነው ያሳደጓት እማማ ዘርፌ ናቸው። ልጅቷ አደገችና ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ታዲያ አንድ ቀን እንዲህ አለቻቸው፦

«እማዬ፣ ወርቅ ግዢልኝ አልልሽም። ከዚህ ቤት ስወጣ ያንቺን እልልታ ሰምቼ ልውጣ። እሷን ሳልሰማ እግሬ ደጃፉን አይሻገርም።»

«እሱማ ምን ችግር አለው!» አሉ እማማ ዘርፌ። እንደውም አሁኑኑ ላሰማሽ ብለው አፋቸውን ከፈቱ። «እልል... እህ! እህ እህ እህ!»

ወይ ጣጣ! እልልታ አልወጣም አለች።

ሳሉ መቼም ከሰማይ አልወረደም። ከገና በኋላ እማማ ዘርፌ ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ ራሳቸውን አዞራቸውና አጥር ተደግፈው ቆሙ። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ሲስተር ውብአንቺ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስራ አየችና ደነገጠች። «እማማ፣ የደም ግፊትዎ ጣራ ነክቷል! ይችን ኪኒን ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ይውሰዱ፤ እንዳያቋርጡ። ጨውም ይቀንሱ።» ውብአንቺ የሰፈር ልጅ ናት፤ ስትመረቅ እልል ያሉላት እሳቸው ናቸው። ኪኒኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መርቀዋት ሄዱ። ኪኒኑም ሥራውን ሠራ፣ ግፊቱን አወረደው። ግን ደረቅ ሳል አስከትሎ መጣ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ጉሮሮን እየኮረኮረ እህ እህ ብቻ።

እማማ ዘርፌ እልልታን ጠሩና ጠየቋት። «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትወጪው?»

«ጉሮሮ መንገድ ዘጋብኝ፤ እሱን ጠይቂው።»

«አንተ ጉሮሮ፣ ለእልልታ መንገድ ክፈትላት!»

«በየት በኩል? ሳል በር ላይ ተቀምጦብኛል፤ አልከፍትም።»

እልልታ አልወጣም አለች፣ ጉሮሮ አልከፍትም አለ።

ይኼኔ ጎረቤታቸው እትዬ ጌጤ ከች አሉ። እትዬ ጌጤ ሳይጠየቁ መድኃኒት የሚያዙ ሴት ናቸው። «ብርድ ነው ዘርፌ፣ ብርድ ነው! ዝንጅብል በማር ላሽበት» አሏቸው። እማማ ዘርፌ ላሱ። ጤና አዳምም ጨመሩበት። ሳል ማሩን አጣጥሞ ሲጨርስ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ማሩ ጥሩ ነበር» አለና ተደላድሎ ተቀመጠ።

«ውጣ እንጂ አንተ ሳል!»

«እኔ እኮ ብርድ አይደለሁም። ከኪኒኑ ጋር የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ እሱ ሳይሄድ አልሄድም።»

እልልታ አልወጣም አለች፣ ጉሮሮ አልከፍትም አለ፣ ሳል አልሄድም አለ።

«አንተ ኪኒን፣ እንግዳህን ይዘህ ውጣልኝ!»

«ልውጣ ብል ግፊትን ለማን ልተወው? የግፊት ዘበኛው እኔ ነኝ። አልለቅም።»

እልልታ አልወጣም አለች፣ ጉሮሮ አልከፍትም አለ፣ ሳል አልሄድም አለ፣ ኪኒን አልለቅም አለ።

እትዬ ጌጤ መቼ ዝም ይላሉ! «ተይዋ ኪኒኗን! ሠርጉ ይለፍና ትቀጥያለሽ። ግፊት የት ይሄድብሻል?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግፊት የትም አይሄድም፤ መከራው እሱ አይደል! እማማ ዘርፌ ልባቸው እልልታዋ ላይ ነበርና ኪኒኑን ተዉት። ሳል ንቅንቅ አላለም። ግፊት ግን ዘበኛው መሄዱን ሲያይ ብድግ አለ። እማማ ዘርፌ ለሠርጉ ጠላ የተሰጣውን ብቅል ሲያገላብጡ ጆሯቸው ጮኸ፣ ግቢው ዞረባቸው፣ ብቅሉ ላይ ዘፍ አሉ።

ማስተዋል ሮጣ ደርሳ አቀፈቻቸው። ብቅሉ በአፍ በአፍንጫቸው ገብቷል። «እማዬ! እማዬ! እልልታው ይቅርብኝ፤ አንቺ ብቻ አትሙቺብኝ!» እያለች አለቀሰች። እማማ ዘርፌን ከውድቀቱ ይልቅ ያቺ «ይቅርብኝ» የምትለው ቃል አመመቻቸው። በማግስቱ ኪኒኑን መልሰው ጀመሩ።

«አንተ ግፊት፣» አሉት ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው አስረው፣ «ኪኒኑ እንዲሄድልኝ አርፈህ ተኛልኝ!»

«እኔ ያለ ዘበኛ አልተኛም። ግን ዘበኛዬ የግድ ይኼ ሳል ጎታቹ ይሁን አላልኩም። ሌላ ዘበኛ ይምጣ፣ እተኛለሁ። ዘበኛ የምትቀይረው ደግሞ ሲስተር ናት።»

ለካ ግፊትም አንዳንዴ ቁም ነገር ይናገራል! የቀጠሮው ቀን ሲደርስ እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። አብራቸው የመጣችው ማስተዋል ደጅ ቀረች። ሲስተር ውብአንቺ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«እማማ ዘርፌ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ኪኒኑስ ተስማማዎት?»

«እጅሽ ይባረክ ልጄ፣ እደጊልኝ!» አሉ፤ ሳሉን በነጠላ ጫፍ አፍነው፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ።

ምን ይደረግ፣ አገራችን ነው! ሰው ቤቱ እየነደደ «እንዴት ነህ?» ቢሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ሲስተርም «ደህና ነኝ ላለ ሰው መድኃኒት አልቀይርም» ብላ ያንኑ ኪኒን ሰጠቻቸው።

እማማ ዘርፌ ከበሩ ሳይርቁ ምላሳቸው ላይ ጮኹ። «አንተ ምላስ! ምን ነካህ? አትነግራትም ነበር?»

«ይሉኝታ አስሮኝ ነው፤ አልናገርም።»

«አንተ ይሉኝታ፣ ምላሴን ፍታው!»

«እኔ? እልል ብለሽ ያስመረቅሻትን ልጅ ‹መድኃኒትሽ አሳመመኝ› ልትያት? እጇን ልትነቅፊ? ሰው ምን ይላል! አልፈታም!»

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስባችሁ ስሙኝ፦ እልልታ አልወጣም አለች፣ ጉሮሮ አልከፍትም አለ፣ ሳል አልሄድም አለ፣ ኪኒን አልለቅም አለ፣ ግፊት ያለ ዘበኛ አልተኛም አለ፣ ሲስተር ካልነገሩኝ አልቀይርም አለች፣ ምላስ አልናገርም አለ፣ ይሉኝታ አልፈታም አለ። ሠርጉም እየገሰገሰ ነው።

ደጅ የቆመችው ማስተዋል፣ «ነገርሻት?» አለች።

«እ... ሥራ በዝቶባት...»

ማስተዋል እጃቸውን ይዛ ወደ ውስጥ መለሰቻቸው። ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አያቸው። «ሲስተር፣ እማዬን እስቲ አንዴ ደግመሽ ጠይቂያት።»

«ምነው እማማ? እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚ...»

«ደህና ከሆንሽ፣» አለች ማስተዋል፣ «እስቲ እልል በይ።»

እማማ ዘርፌ አፋቸውን ከፈቱ። «እልል... እህ! እህ እህ እህ!» ይሉኝታ በጆሯቸው፣ «ትን አለኝ በይ! ቶሎ፣ ትን አለኝ በይ!» አላቸው። ሊሉም ነበር። ግን ማስተዋልን ቀና ብለው አዩዋት። ልክ የብቅሉ ዕለት እንደነበረችው ናት።

«ወግድልኝ ወዲያ!» አሉ ጮክ ብለው።

ለይሉኝታ ነበር ያሉት። በር ላይ የቆሙት ተራ ጠባቂዎች ግን የተባሉት እነሱ መስሏቸው ወደ ኋላ ተገፋፉ።

«ልጄ ውብአንቺ፣ ደህና አይደለሁም። ኪኒንሽ ግፊቱን ይዞልኛል፣ ግን ያስለኛል። ብተወው ደግሞ ግፊቱ ብቅል ላይ ጣለኝ። እጅሽን መንቀፍ እንዳይሆንብኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሲስተር ውብአንቺ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። «እማማ፣ ይኼ እኮ የታወቀ ነገር ነው! ይኼ ኪኒን አንዳንዱን ሰው ያስላል። ሌላ የማያስል አለ፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሬ እቀይርልዎታለሁ። ቢነግሩኝ እጄን አገዙኝ እንጂ መቼ ነቀፉኝ? እኔም ‹ደህና ነኝ› ሲሉኝ ጠበቅ አድርጌ አለመጠየቄ ልክ አልነበረም።»

«ታዲያ ለሠርጉ ይለቀኛል?»

«ሳሉ ወዲያው አይሄድም፤ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ጊዜ አለን። አዲሱ ኪኒን ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ ሲነሡ ሊያዞርዎት ይችላል። ከአልጋ ዘለው አይነሡ። ቁጭ ይበሉ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይቁሙ። የከፋ ነገር ካለ ይምጡ። በራስዎ አያቋርጡ፣ የጎረቤትም ኪኒን አይዋሱ። እና እማማ፣ እኔ ‹እንዴት ነዎት› ስል ‹ደህና› ለሰላምታው ይሁን። ከሰላምታው በኋላ ስለ ጉሮሮው፣ ስለ ራሱ፣ ስለ እግሩ ይንገሩኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ! እማማ ዘርፌ ምላሳቸው ከተፈታ ወዲህ ማን ያስቆማቸው! አዲሱ ኪኒን ጠዋት ጠዋት ሲያዞራቸው በማግስቱ ሄደው ተናገሩ። ሲስተር ለካቻቸው፣ «ደህና ነው፣ ይለምድዎታል፤ ቀስ እያሉ ይነሡ» አለቻቸው። እውነትም ለመዳቸው። ሳል ግን ግትር ነው። ዕቃውን ሲሸክፍ፣ ተሰናብቶ ሲመለስ፣ ሆሣዕና ደረሰ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሄዶ ይሆን? ወይስ ተደብቆ? እማማ ዘርፌ እልልታቸውን መሞከር ፈሩ፤ አንዴም አልሞከሯትም።

የሠርጉ ቀን ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። ማስተዋል ደጃፉ ላይ ደረሰችና ቆመች። ሚዜዎቹ «እንሂድ» አሉ። አልተነቃነቀችም። ዞራ አያቷን አየች። ሰው ሁሉ እማማ ዘርፌን አየ።

እማማ ዘርፌ ወንበራቸው ላይ ወደ ፊት ሳብ አሉ። እግራቸውን መሬት አስነኩ። ትንሽ ቆዩ።

«ዘርፌ፣ ተነሺ እንጂ! ሰው እየጠበቀ!» አሉ እትዬ ጌጤ።

«ጌጤ፣ የግፊት ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚነሣ» አሉ። ቀስ ብለውም ተነሡ፣ ቆሙ። አልዞረባቸውም። አፋቸውን ከፈቱ።

ይሉኝታ ምላስን ፈትቶ ነበር፣ ምላስ ለሲስተር ተናግሮ ነበር፣ ሲስተር ኪኒኑን ቀይራ ነበር፣ አዲሱ ዘበኛ ግፊትን አስተኝቶ ነበር፣ አሮጌው ኪኒን ሳልን ይዞ ሄዶ ነበር፣ ጉሮሮ ተከፍቶ ነበር፣ እናም እልልታ ወጣች!

«እልልልልልልልል!»

ወፍጮ ቤት ያሉት ሰምተው ወጡ። እማማ ዘርፌ ደገሙ፣ ሠለሱ። እትዬ ጌጤ በጣታቸው ይቆጥራሉ። «ሦስት... ኧረ አራት... ሰባት! ዛሬም ቁጥር ጠፋሽ?» እማማ ዘርፌ አልሰሟቸውም፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ስምንተኛዋን ለቀቁ። ማስተዋል እያለቀሰችም እየሳቀችም እግሯን አነሣችና ደጃፉን ተሻገረች።

ከእንግዶቹ መሐል ሲስተር ውብአንቺ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «እማማ ዘርፌ፣ እንዴት ነዎት?» አለቻቸው።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። «ይችኛዋ ደግሞ ለሰላምታው አይደለችም!»

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም ጨው ባልበዛበት ዳቦ አብሱልኝ።