አሳላፊውና ዶሮው

ፊታውራሪ ደምሰው ግብር ማብላት የሚወዱ፣ እንግዶቻቸውንም እኩለ ሌሊት ሳያልፍ የማይሸኙ ባላባት ነበሩ። ጠጅ የሚቀዳላቸው አሳላፊ ግን ጠዋት መነሳት አቃተው። አንድ ቀን ፊታውራሪ የፊት መታጠቢያ ውሃ ቢጠብቁ ቢጠብቁ አጡ። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ አሳላፊው ዓይኑን እያሻሸ መጣ። በሎሌዎቹ ሁሉ ፊት አቁመው፣

«ዶሮ እንኳ ማንም ሳይቀሰቅሰው ጎህ ሲቀድ ይነሳል። አንተ ከዶሮ የምትሻልበትን አንድ ነገር ተናገር፤ ካጣህ ትገረፋለህ!» አሉት።

አሳላፊው እጅ ነስቶ፣

«ጌታዬ፣ እኔስ ከዶሮ እሻላለሁ አልልም። እሱ ግን የሚተኛው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ጠጁን እሱ ይቅዳ፣ እኔ ቆጡ ላይ ልደር፤ ነገ ማናችን ቀድመን እንደምንጮህ ያን ጊዜ ይሰሙታል» አላቸው።