ሳጥኑ ለምን አልበላም

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ክንፋችሁን ሰብስቡ። ተረት አለኝ። «እሺ፣ ንገሪን» በሉኝ፤ አፋር ስለሆንኩ ካላላችሁኝ አልጀምርም።

ድሮ ድሮ፣ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ፊደል ቆጥሬ የወጣሁ ወጣት እርግብ ሳለሁ፣ እንስሳት በትልቁ ዋርካ ጥላ ሥር ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። ሁሉንም የሚያሸንፈው አያ ኤሊ ነበር። ካሸነፈም በኋላ «ለጥቂት አመለጥኩህ እኮ!» እያለ የተሸነፈውን ያጽናና ነበር።

አንድ ቀን አያ ቀበሮ የብረት ሳጥን እየጎተተ መጣ።

«አያ ኤሊ፣ ይህ ሳጥን እያሰላ ይጫወታል። ሦስት ጊዜ ግጠመው። ሁለቴ ካሸነፈህ ዋርካው የእኔ ነው፤ አንተና ጓደኞችህ ሌላ ጥላ ፈልጉ። እምቢ ካልክ ፈራ ብዬ አገር አዳርሳለሁ።»

እመት ጦጣ ከቅርንጫፉ ላይ ሳቀች። «እንዲህ ያለው ብረት ድስት ይጣድበት!»

አያ ኤሊ ግን ተቀመጠ።

በሰንጠረዥ ወግ መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም እኩል፣ እንዳሻቸው ጦራቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል። ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ወታደር ሲበላ ነው። ሳጥኑ ይህን አያውቅም። «ተራዬ ደረሰ? ተራዬ ደረሰ?» እያለ ሲጠብቅ ኤሊ ጦሩን አሰልፎ ጨረሰና አሸነፈው።

«ተራ ሲጠብቅ መሸበት!» አለች ጦጣ።

በሁለተኛው ጨዋታ ሳጥኑ ወረራን ተምሮ መጣ። ወታደሮቹ እንደ ጉንዳን ተራወጡ። በላ፣ ደግሞ በላ፣ ንጉሡንም ያዘ። አያ ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። ጦጣም አልሳቀችም።

ይህን ተረት ስነግራችሁ እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምዘለው ነገር አለ። ዛሬ አልዘለውም።

ሁሉም ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ ከዋርካው ወረድኩ።

«ካሸነፍክ በኋላ ወዴት ትሄዳለህ?» አልኩት ሳጥኑን።

«ቀበሮ ጉድጓዱ ውስጥ ይከተኛል። እዚያ ጨለማ ነው፣ የሚያጫውተኝም የለም።»

«ታዲያ ለመጨረስ ለምን ትቸኩላለህ?»

በቀስታ «ይህን አላሰላሁትም» አለኝ።

ሦስተኛው ጨዋታ ተጀመረ። ሳጥኑ አሰለፈ፣ አፈረሰ፣ እንደገና አሰለፈ።

«ብላ! ብላ እንጂ!» አለ ቀበሮ።

«ገና እያሰለፍኩ ነው።»

አያ ኤሊ ቀና ብሎ ሳጥኑን አየው። ገባው። «እኔም ገና እያሰለፍኩ ነው» አለ።

ፀሐይ ጠለቀች። በማግስቱም ሲያሰልፉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ተስፋ ቆረጠ። «ተበላሽቷል! ውሰዱት፣ ድስት ጣዱበት!» ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት አብረው ተጫወቱ! ጦጣ እየተሳደበች፣ ኤሊ እየሳቀ፣ ሳጥኑም «ለጥቂት አመለጥኩህ እኮ» ማለትን ተምሮ። ዛሬ አያ ኤሊ የለም። ከዚያ ሳጥን እጅግ የፈጠኑ ሌሎች መጥተዋል፤ ዓይን እስኪርገበገብ በልተው ይጨርሳሉ አሉ። የእኛው ዝጎ ዝም አለ።

ለምን ደበቅሽው ትሉኝ ይሆናል። ወድጄው ነበራ! እርግብ ሳጥን ወደደች ቢባል እመት ጦጣ መች ታስቀምጠኝ ነበር? ግን ይህ የተወለዳችሁበት ጎጆ፣ ግድግዳው የሚቀዘቅዘው፣ ዝናብ ሲመታው የሚዘምረው፣ እሱ ነው።

ተረቴ ይኸው፤ ከእኔ ወጥቶ ወደ እናንተ ገባ። ጨዋታውን የወደደ ለመብላት አይቸኩልም።