የአቶ ምንዋጋው ድንኳን

ሹመታቸው ገና ትኩስ የሆነ አቶ ምንዋጋው የሚባሉ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ለጣቢያው ምረቃ ዛፍ የሌለበት ሜዳ አገኘሁ ብለው ድንኳኑን ከከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር አስተከሉ። ከዚያም ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብተው ተረኛዋን፣ "ንግግር ሳደርግ ከተማው ይንቦግቦግልኝ! የኃይል ጭነቱን ከቀዩ ምልክት አሳልፊው" አሏት።

ተረኛዋ ምላሷ ስለት ነው፤ ለጊዜው ግን ታገሠች።

"ጌታዬ፣ ከዚያ ካለፈ ሽቦው ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይረግብና ወደ መሬት ይወርዳል።"

"ይህን ወሰን ያወጣው ፈሪ ነው! አንቺ የታዘዝሽውን ፈጽሚ።"

በመስኮቱ አሻግራ ድንኳኑን አየችው።

"እሺ ጌታዬ። ብቻ ንግግርዎን ሲጨርሱ እንግዶቹ ብድግ ብለው እንዳያጨበጭቡ አደራ ይበሉልኝ።"