ከንፍሮው በኋላ የመጣ ዋይታ

አቶ ወንድይፍራው ቤት አከራይ ናቸው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ተከራይ ሁሉ ብቅ ብሎ «ይማርዎ» እንዲላቸው ይፈልጋሉ። ወንድማቸው ሲሞት ለቅሶውን በዲቪዲ አስቀረጹ። ሩቅ ላለ ዘመድ በስልክ እንዲላክ ደግሞ፣ የግቢያቸውን የመንገድ ዳር ክፍል ተከራይታ ቪዲዮ ቤት ለከፈተች፣ መልስ ለማይቸግራት ሴት ሰጧት።

ሴትዮዋ ስትገለብጠው ኮምፒውተሩ በሴኮንድ ሃያ አምስት ምስል የነበረውን ቪዲዮ ሠላሳ አድርጎ ስላሮጠው፣ ምስሉ ድምፁን ጥሎት ሄደ። ዘመድ ሲከፍተው አቶ ወንድይፍራው ቁጭ ብለው ንፍሮ ይቅማሉ፤ «ወይኔ ወንድሜ!» የሚለው ዋይታቸው የሚሰማው ገና ያኔ ነው። የተላከለት ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሰውየው ጎረቤት አስከትለው ከተፍ አሉ።

«ሐዘኔን መሳቂያ አደረግሽው! አሁኑኑ አስተካክይ፤ አለዚያ ዕቃሽን አውጪ!»

ሴትዮዋ ፍጥነቱን ወደ ሃያ አምስት መልሳ እንደገና ገለበጠችው። አፋቸው ሲከፈት ዋይታው ወጣ፤ ንፍሮውም በተራው መጣ። ጎረቤቶቹ «ተስተካከለ» አሉ። አቶ ወንድይፍራው ግን መሸነፍ አልወደዱም፤ ስክሪኑ ላይ ተደፍተው ፊታቸውን መረመሩ።

«እንባዬስ? ያን ሁሉ እንባ የት አደረስሽው? ስትገለብጪ ጥለሽዋል! ካላመጣሽ ቤቴን ትለቂያለሽ!»

ሴትዮዋ ዲቪዲውን አውጥታ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው።

«ጋሼ፣ ዋይታዎን ሰጥተውኝ ነበር፤ ይኸው መለስኩ። እንባዎ ግን ገና እርስዎው ጋ ነው። ሲወጣ ያስጠሩኝ፣ መጥቼ እቀርጸዋለሁ።»