ግንበኛውና የምርጫው ድግስ

በአንዲት ከተማ ከገዛ ሆዱ በቀር ጠላት የሌለው፣ ምላሱ ግን የተሳለ ግንበኛ ነበር። አንድ ቀን የከተማው ሰው ስለ ሕገ መንግሥቱ መሻሻል እንዲወያይ ተጠራ። የቀረበው አዲስ አንቀጽ ዕጩዎች ለምርጫ ቅስቀሳ የሚያወጡትን ገንዘብ የሚገድብ ነበር። ግንበኛው ከሁሉ ቀድሞ ተነሣና «እኔ እደግፋለሁ» አለ።

ይህን ሲሰሙ ባለጸጋው የምክር ቤት አባል አቶ ዘርጋው ከፊት ወንበራቸው ዞር አሉ። አንቀጹ ቢጸድቅ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው እሳቸውን ነበርና ሰውየውን በሕዝብ ፊት ሊያሳፍሩት ፈለጉ።

«አንተ ሰው፣ ባለፈው ምርጫ በሬ ጥዬ ሳበላ ከድንኳኔ መች ወጣህ? ሦስት ቀን ሙሉ ስትበላ አልነበር?»

«እውነት ነው ጌታዬ። አራተኛውን ቀን የቀረሁትም ሆዴን አሞኝ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ግንበኛውም አብሮ ሳቀ፤ ውስጡን ግን እፍረት ጠቅ አድርጎት ነበር።

«ታዲያ ሥጋዬን በበላህበት አፍ ገንዘቡ ይገደብ ትላለህ?»

«እንደኔ ያለ ሆዳም ባይኖርማ ሕጉ ለምን ያስፈልግ ነበር? የራሴን አፍ መዝጋት ስላቃተኝ እኮ ነው የእርስዎን እጅ ያዙልኝ የምለው።»

አቶ ዘርጋው ግን አልተሸነፉም። «ቢሆንም የመረጥከው እኔን ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እኔስ የመረጥኩት በሬውን ነበር» አለ ግንበኛው አንገቱን ደፍቶ። «ምን ያደርጋል፣ እሱ ታረደና ምክር ቤት እርስዎ ገቡ።»