ከዳሱ ጥግ የተቀመጡት

አንድ ሰው ነበረ፤ ልጁን ሊድር ደገሰ።

ጥያቄሽን አልዘለልኩትም፣ ብርቅነሽ። እግሬን እያቃጠለኝ፣ ጣቶቼን እየጠዘጠዘኝ፣ ሐኪሙ ለምን የአንገት ኪኒን ይሰጠኛል፣ ልተወው ወይ ነው ያልሽኝ። በሐኪም ቤት ይህንኑ ስመልስ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ደክሞኛልና አታቋርጪኝ።

ሰውየው ሰፊ ዳስ ጣለ። የእናቱ ዘመዶች ከሩቅ አገር መጥተው፣ ዘግይተው ስለደረሱ ከዳሱ ጥግ ተቀመጡ። ምግቡ የሚወጣው በጠባብ የጓዳ በር ነው። እዚያ ያለችው ሴት ካልጨለፈች አንድ ሳህን አይወጣም።

በሩ አጠገብ ላሉት ቀስ እያለም ቢሆን ደረሳቸው። ለጥጉ ግን ምንም የለም። መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ቀጥሎ ጮኹ። ሰውየው ተሳቀቀና ጠጅ ጨምሩላቸው አለ። ጠጁ ለጊዜው ዝም አሰኛቸው። በባዶ ሆድ ጠጅ ምን ይሠራል? ብሶባቸው ተነሡ። ሰውየው አሳላፊዎቹን ሰደበ፣ ቀየራቸውም፤ ምንም አልተለወጠ። በመጨረሻ አጎቱ ዱላውን አንሥቶ፣ «ከእንግዲህ ዘመድ የለህም» አለው።

ሰውየው ወደ ጓዳ የገባው ገና ያን ጊዜ ነው። ምግቡ ሞልቷል። ሴትዮዋ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ፣ ፊቷ አብጦ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ታንቀላፋለች። ስላልጮኸች ማንም አላያትም። ሰውየው አልተቆጣትም። እጇን ከነጭልፋው ይዞ አብሯት ይጨልፍ ጀመር። ሳህኑ ተከታትሎ ወጣ፤ አጎቱም እያጉረመረመ ቁጭ አለ።

እንግዲህ ልጄ፣ እጅና እግርሽ ከጥግ የተቀመጡት ናቸው። የጓዳዋ ሴት አንገትሽ ላይ ያለችው ታይሮይድ የሚሏት ዕጢ ናት። እሷ ስትደክም ሰውነትሽ ሁሉ ይዘገያል፤ ውሃ ይቋጥርና ነርቭን ይጫናል፣ ነርቩም ይጎዳል። ያ ሁሉ የዋጥሽው ማስታገሻ ጠጁ ነው። የእግር ቃጠሎ ሁሉ ከእሷ ነው አልልም፤ የአንቺ ግን በደም ምርመራሽ ታይቷል። ኪኒኑ አብሯት የሚጨልፍ እጅ ነው። ብትተዪው ተመልሳ ታንቀላፋለች።

እግርሽ ዛሬውኑ ዝም አይልልሽም፤ ብዙ ቆይቷል። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ ጩኸቱ አይደለም። እንግዶቹ አኩርፈው የሄዱ ቀን ነርቩ ይሞትና እግርሽ ይደነዝዛል፣ ዳሱም ጸጥ ይላል፤ አንቺም ዳንኩ ብለሽ ታመሰግኛለሽ።